የዲቾቶው ቫይታሚን

ልቤ መታመሙ የታወቀው በቀበሌ የሰልፍ ልምምድ ላይ ነው። የአብዮቱ በዓል እየተቃረበ ስለነበር የአዋሽ ወንዶች እሑድ ጠዋት ከባቡር ጣቢያው ማዶ ባለው ሜዳ ተሰብስበን ግራ ቀኝ እንል ነበር። የአዋሽን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዝንብ እንኳ ጥላ ትፈልጋለች።

ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው። የመንግሥት ጥጥ እርሻ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበርኩ፤ ሰኞ በእርሻው መኪና መልካ ወረር እወርዳለሁ፣ ቅዳሜ አዋሽ ቤቴ እመለሳለሁ። ሰውነቴ ጠንካራ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። በዚያ እሑድ ግን እግሬ ግራ ሲሉት ግራ፣ ቀኝ ሲሉት ቀኝ እየሄደ ሳለ፣ ደረቴ ውስጥ ከወንዝ እንደወጣ ዓሣ የሚንፈራገጥ ነገር ተነሳ። ሰልፉን ትቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ መጣ። «ጓድ፣ ምን ሆነሃል?»

«ልቤ…»

«ሁላችንም ልብ አለን። ተነስ!»

ልነሳ ስል ወደቅሁ። ያን ጊዜ ነው ያመነኝ።

ተሸክመው ክሊኒክ ወሰዱኝ። የክሊኒኩ ሰው ድሬሰር ነበር፤ እኛ ግን ዶክተር እንለዋለን፤ እሱም አቤት ይላል። እጄን ይዞ ሰዓቱን አየ፣ ለቀቀኝ፣ እንደገና ያዘኝ። «አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል፣ መልሶ ደግሞ የቀረበትን ለመድረስ ይሮጣል። ይኼ ከኔ በላይ ነው» አለና ወደ ናዝሬት ሆስፒታል ወረቀት ጻፈልኝ።

ናዝሬት ሸበቶ ዶክተር ነው የተቀበለኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ ረጅም ወረቀት አስወጣ፤ ወረቀቱን እንደ ጥለት እየዘረጋ አስረዳኝ። «የልብህ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። የታችኛው ደግሞ የሚደርሰው ትእዛዝ ስለተደበላለቀበት እንደመሰለው ይመታል።»

እንደ እርሻችን አስተዳደር ማለት ነው ልለው ከአፌ መለስኩት። ዘመኑ ለቀልድ አይመችም ነበር።

ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ ዲጎክሲን የሚባል ትንሽ ነጭ ኪኒን ሰጠኝ፤ ከሱ ጋር አስፒሪን። «በሽታው አብሮህ ሊኖር ይችላል። ኪኒኑን ካላቋረጥክ ግን አብራችሁ ታረጃላችሁ» አለኝ። ከሁሉም በላይ የወደድኩትን ነገር የሰጠኝ በመጨረሻ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። «ከከባድ ሥራና ፀሐይ ላይ ቆሞ ከመዋል ይታቀብ» ይላል።

ያቺን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ አኖርኳት። ከሰልፍ ልምምድ አወጣችኝ። ከዘመቻ ሥራ አወጣችኝ። ከውይይት ክበብም እንድታወጣኝ ሞከርኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቷን ሁለቴ አንብቦ «ውይይቱ እኮ ጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ ነው» ሲለኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አሳርፌ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። «ሂድ፣ ሂድ! እዚህ እንዳትሞትብን» አለ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ በታመመ ልብ ዳማ ስጫወት ዋልኩ።

ይሄ ሁሉ ተንኮል ከላይ ነው። ውስጥ ውስጡን ፈርቼ ነበር። በግራ ጎኔ መተኛት ተውኩ፤ ምቱ በትራሱ በኩል ጆሮዬ ይገባላ። መልካ ወረር ፓምፕ ቤት ብቻዬን ስሆን ሞተሩን እያዳመጥኩ፣ የሱ ምት ሲስተካከልልኝ የኔ አለመስተካከሉ ይከነክነኛል።

ሚስቴ የወሎ ሰው ናት፤ እኔም እንደዚያው። ገበያው ጥግ ቅመማ ቅመም የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበራት። ሐኪሙ ጥቂት ሳምንት እንዳርፍ ስላዘዘ ቤት ነበርኩ፤ በሽታዬን በነገርኳት ማግስት ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ አቀረበች። በሦስተኛው ቀን የተልባ ውሃ ተጨመረ። በሳምንቱ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውን፣ በባዶ ሆድ።

«ኪኒኑስ?» አልኳት።

«ኪኒኑንም ዋጥ፤ ማን ከለከለህ? እርሻ በአንድ በሬ ታርሶ ያውቃል?»

ጥቁር አዝሙዱን ወደድኩት። ተልባውንም ጠላሁት አልልም። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ከኔ ጋር አልተስማማም። ፍንካቹን ጉንጬ ውስጥ ሸጉጬ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ ፊት ለመታጠብ ብዬ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፤ ከግድግዳው ሥር እተፋለሁ። የመታጠቢያው ውሃ እየፈሰሰበት አንድ ቀን ሚስቴ በተርታ በቅሎ አገኘችው። ወገቧን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክውጥ ድረስ አፌን ከፍቼ አሳያለሁ።

ሦስተኛውን በሬ ያመጣው ሾፌር ጓደኛዬ ነው። ተሳቢ መኪና ይነዳል፤ በጅቡቲ መንገድ ሲመላለስ ድንበሩ አጠገብ ባለችው ዲቾቶ ያድራል። አንድ ቅዳሜ ቡናማ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። መለያው ላይ ቀይ ልብ ተስሏል፤ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው።

«የልብ ቫይታሚን» አለኝ። «ዲቾቶ ያለው ነጋዴ ነው የሸጠልኝ። ፈረንሳዮች ቁርሳቸው ላይ ነው አሉ የሚውጡት።»

ድሬሰሩን መጠየቅ ነበረብኝ። «ሳታማክረኝ ምንም እንዳትውጥ» ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ኮንትሮባንድ ነው ብሎ ይወስድብኛል ብዬ ሠጋሁ፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ሊከለክለኝ የሚችል ሰው መጠየቅ አልፈለግሁም። ስለዚህ የማይከለክለኝ ሰው ፈለግሁ።

ጎረቤታችን ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ከፈረንሳዮች ጋር ስለሠሩ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ፈረንሳዮቹ «ሙሴ»፣ ማለትም አቶ፣ ይላቸዋል። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንድ እጀታው በክር የታሰረ መነጽራቸውን አደረጉና ጠርሙሱን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት።

«ይቺ ‘ኩር’ የምትለዋ ልብ ማለት ናት» አሉ።

«እሱስ በሥዕሉም ይታወቃል። ይሄ ረጅሙስ ቃል?»

በጣታቸው ተከተሉት። «እሱ… የፋብሪካው ስም ነው።»

«ቫይታሚን ነው ግን?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው ልጄ!» ብለው ተቆጡ። «በቀን አንድ ይላል። ፈረንሳይ ተሳስቶ አይጽፍም።»

ምስጋናዬን አቅርቤ ሄድኩ። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ዲጎክሲኑን፣ አስፒሪኑን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ሽንኩርቱን፣ ከዚያ የፈረንሳዩን ቫይታሚን እየዋጥኩ ወደ ሥራ እሄድ ጀመር።

የመጀመሪያው ሳምንት ድንቅ ነበር። ልቤ ረጋ አለ። ለሚስቴም፣ ለሾፌሩም፣ ለሙሴም አወራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ አስጠላኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኩ። በአራተኛው ሳምንት ሚስቴ የሠራችውን ሩዝ ሳሸተው አቅለሸለሸኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኩ አሁንም። እሷ ግን ጠርሙሱን አንስታ አገላብጣ አየችውና፣ «እኔ የማላውቀውን ቋንቋ የሚናገር መድኃኒት አላምንም» አለች። ቅናት መሰለኝ፤ የሷን ጥቁር አዝሙድ ያስናቀባት ስለመሰላት።

በዚያው ሰሞን ዱብቲ ያለው የጥጥ እርሻ ትልቁ ፓምፕ ተበላሽቶ ላኩኝ። ሾፌር ጓደኛዬ በዚያው ስለሚያልፍ ከሱ ጋር ሄድኩ። ሚሌ ላይ አስመለሰኝ። ሎጊያን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ጎማ ፈነዳ።

የቆምንበት ቦታ ዛሬ ሰመራ ነው፤ ቢሮው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ባጃጁ የሚርመሰመስበት። ያኔ ጠጠርና ነፋስ ብቻ ነበር። ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየኛል፤ ሜዳው፣ ሰማዩ፣ ተራራው። አገሩ አቧራ ስለሆነ ምንም አልገረመኝም።

ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር አንዲት የአፋር ሴት የግመል ወተት ይዛ መጣች። የእንጨት ዕቃዋን ከፍታ በጣሳ ቀዳችልኝ። ወተቱን አየሁትና መለስኩላት።

«ይሄ የቆየ ነው። ቢጫ ሆኗል።»

ሴትዮዋ አማርኛ ትሰማ ነበር። ፊቷ ተለወጠ። «ቢጫ? አሁን የታለበ ነው!»

«ቢጫ ነው እኮ! ምን ቀላቅለሽበት ነው?»

ጣሳውን ነጥቃ ፊት ለፊቴ ግጥም አድርጋ ጠጣችው፤ ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞራ በአፋርኛ ብዙ ነገር ተናገረች። እሱ አፋርኛ ስለሚችል ጎማውን ትቶ ተነሳ።

«ወተቴን ሰደበ ነው የምትለው። ወተት መስደብ እዚህ አገር እናት መስደብ ነው። ምን ነካህ? ነጭ እኮ ነው!»

«ያንተ ሸሚዝስ?»

«ምን ሆነ ሸሚዜ? ነጭ ነዋ!»

«ቢጫ ነው» አልኩት።

ሳቅ ጀመረና አቋረጠው። አጠገቤ መጥቶ ፊቴን አየ። «እጆችህን ዘርጋ» አለኝ፤ ዘረጋሁ። «እሱስ?»

«ቢጫ።»

የቀረውን ብሎን እንዴት እንዳጠበቀው አላህ ይወቅ። እስከ ዱብቲ በየመሀሉ ዞር እያለ በሕይወት መኖሬን ያይ ነበር። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት የሞት ፍርሃት ያዘኝ። በታመመ ልቤ ቀልጄ ቀልጄ አሁን ተራው የሱ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

የእርሻው ክሊኒክ ውስጥ ያገኘናት ወጣት ነርስ ናት። እጄን ይዛ ቆጠረች፤ ቆጥራ ስትጨርስ ተነስታ በሩን ዘጋች።

«ሠላሳ ስምንት» አለች። «ጋሼ፣ ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?»

«ዲጎክሲንና አስፒሪን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ሾፌሩ ከበሩ ጥግ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቫይታሚኑስ?»

ሻንጣዬን ከፍታ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ጣቷን ከአንዱ ረጅም ቃል ወደ ሌላው አመላለሰች።

«ፊደሉ አጀማመሩ አንድ ነው፤ ይታይዎታል?» አለች። «ይሄ የእንግሊዝኛው፣ ያ የፈረንሳይኛው ነው። ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ልብን ያዘገያሉ። የፈረንሳይኛው ደግሞ አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም። እርስዎ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ነው ሲወስዱ የቆዩት። ቢጫው የመጣው ከዚያ ነው።»

«ፈረንሳዮች ቁርስ ላይ ይውጡታል ተብሎ…» አልኩ በደካማ ድምፅ።

«ከቁርስ በኋላ ስንቱ እንደሚነሳ ነግረዋችኋል?»

ሾፌሩ ይሄን ሲሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጠርሙሱን ያመጣው እሱ ስለሆነ እኔን ማጽናናት ሲገባው እኔ እሱን አጽናናሁት።

ነርሷ ሁለቱንም ኪኒን አስቆመችኝ፤ ናዝሬት ካለው ዶክተር ጋር በእርሻው ሬዲዮ ተነጋገረች። ከአልጋ መነሳት ተከልክዬ ከሳምንት በላይ ተኛሁ። ቀን ከሌት እየመጣች ትቆጥረኛለች፤ አርባ፣ አርባ አራት፣ ሃምሳ። አንድ ቀን ጠዋት ስትገባ ጋውኗ ነጭ ሆኖ ታየኝ። እንባዬ መጣ። «ምነው?» ስትለኝ፣ «ሙቀቱ ነው» አልኳት።

ሾፌሩ በመልሱ ሲያልፍ የወተት ሻጯን ፈልጎ ጉዳዩን አስረድቷት ነበር። «ዓይኑ ነው እንጂ ምላሱ አልነበረም ብያታለሁ» አለኝ። «ይቅር ብላሃለች። የተረፈውን ወተት በሙሉ ግን ለኔ ሸጠችልኝ።»

አዋሽ ስመለስ መጀመሪያ ሊጠይቁኝ የመጡት ሙሴ ናቸው። ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ቆሙ። ለሃያ ስምንት ዓመት የሠሩት በዕቃ ፉርጎ ላይ እንደነበር፣ ፈረንሳይኛቸውም «ግፋ»፣ «አቁም» እና የሩቅ ጣቢያዎች ስም ብቻ እንደነበር ነገሩኝ። «‘ኩር’ን ያወቅኋት ከአንዲት ማዳም ነው» አሉ፤ የቀረውን ሳይናገሩ ቀሩ። እኔም አላስጨነቅኋቸውም። አላነብም ከማለት ይልቅ አነባለሁ ማለት የሚቀለን ሰዎች እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

ለቀጠሮ ናዝሬት ስሄድ ሚስቴ አብራኝ መጣች። ዶክተሩ «በአፍህ የሚገባውን ሁሉ ይዘህ ና» ብሎኝ ስለነበር አንድ ዘንቢል ሙሉ ይዘን ገባን። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። ዶክተሩ አልተቆጣም፤ እየከፈተ ያሸት ነበር።

«ጥቁር አዝሙድ፣ በማንኪያ ጫፍ ይሁን» አለ። «ወተት የምትጠጣ ከሆነ አፍልተህ። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ያለው ይበቃል። አስፒሪኑ ደም ያቀጥናል፤ ጥሬ ሽንኩርት በብዛት ሲታከልበት ነስር ሊያመጣ ይችላል።»

«ሦስት ፍንካች ነው» አለች ሚስቴ።

«አንድም አይሁን።»

«ሁለት።»

«እሜቴ፣ እዚህ ገበያ አይደለም።»

«ገበያ ቢሆንማ እስካሁን በሁለት ተስማምተን ነበር» አለችው።

ሸበቶው ዶክተር ሳቀ። ከዚያ ወደ ተልባው ዘንበል አለ። ይሄ አይከለከልም፣ ነገር ግን ከኪኒኑ ጋር እኩል ሳይጠጣ፣ ራቅ ተደርጎ ይጠጣ አለ። ዕቃውን ወደ ዘንቢሉ ስንመልስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሚስቴን፣ «ይሄ ተልባ ለሆድ ድርቀት ይረዳል ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቃት።

ሚስቴ የተልባውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ትታለት፣ በሌሊት አዘፍዝፎ ጠዋት በባዶ ሆዱ እንዲጠጣ አዘዘችውና ወጣን።