ቅርንፉድ የሸፈነው

ሞጣ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ የቅርንፉድ ዘይቱን ጠርሙስ በከፈትኩ ቁጥር ጋሽ መኮንን ይመጡብኛል። ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ ሽታውን እስካሁን አልለመድኩትም።

ጋሽ መኮንን እኔ ልጅ ሳለሁ ከሩቅ ተመድበው ቢቸና የመጡ አስተማሪ ነበሩ። እኛ ግቢ አንዷን ክፍል ተከራዩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አሮጌ ጋዜጣ ጮክ ብለው ያነቡልናል፤ ሲስቁ ጥርሳቸው እስከ መንጋጋቸው ይታያል። እንደሳቸው የሚስቅ ሰው አላየሁም።

እናቴ ክፍሉን ስታከራይ ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እዚህ ግቢ አያድርም።" ለሷ ማጨስና ሃይማኖት መካድ አንድ ናቸው። ጋሽ መኮንንም እሺ ብለው ገቡ። ከጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ሲያጨሱ ያየኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አጭሰው ሲጨርሱ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ አፋቸው ውስጥ ጣል ያደርጋሉ። እናቴማ "ንጹሕ ሰው ናቸው፣ ትንፋሻቸው እንኳ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል" እያለች ለጎረቤት ታወራላቸው ነበር።

እየዋለ እያደረ ጥርሳቸው ጠቆረ። ድዳቸው ሸሽቶ የጥርሳቸው ሥር ታየ፤ የፊቶቹ መነቃነቅ ጀመሩ። ቅርንፉዱ ሕመሙን ስለሚያደነዝዝላቸው ብዙ ጊዜ ቻሉት። በመጨረሻ እናቴ አዝና ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ሐኪሙ አፋቸውን አየና "ሲጋራ ያጨሳሉ?" አላቸው።

እናቴ ቀደመቻቸው። "እሳቸው? እንኳን ሊያጨሱ፣ ሲጋራ ባለበት አያልፉም!"

"ኧረ በጭራሽ!" አሉ ጋሽ መኮንንም፣ እኔን እያዩ። ዝም አልኩ። ታማኝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ማስታገሻ ተሰጥቷቸው፣ በጨው ውኃ ይጉመጥመጡ ተብለው ተመለሱ። ማጨሱም ቀጠለ። ዓመት ሳይሞላ የፊት ጥርሶቻቸው አለቁ። ጋዜጣ ማንበቡ ቀረ፤ ሳቅ ሲመጣባቸው በመዳፋቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ተዛውረው ሲሄዱ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆነው የተሰናበቱንም እንደዚያው ነው። ያን ቀን ሐኪሙን ለብቻው ጠርቼ አንድ ቃል ብነግረው ኖሮ እላለሁ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

እኔ ዘንድ የሚመጣ ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም፤ ሚስት ወይም እናት ታጅበዋለች። "እማማ፣ አንዴ ደጅ ይቆዩልኝ" ስል የሚቀየሙኝ አሉ። ግድ የለም። በሩን ዘግቼ፣ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ነው ስለ ሲጋራ የምጠይቀው።