መስታወቱ ውስጥ ያለችው ልጄ

ልጄ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ በጠዋት ደጄን የሚያንኳኳ ሰው አልወድም። እኛ ጋይንት መርዶ በስልክ አንነግርም። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ማልዶ መጥቶ ነው የሚያረዳው። ያን ዕለት አርብ ጠዋት ጎረቤቴ፣ ከዚያው ከአረብ አገር የተመለሰች ልጇን አስከትላ ስትገባ መርዶ ይዘው የመጡ መሰለኝ። የአሮጌው ስልኬ ባትሪ አብጦ ከሞተ ወዲህ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ሰነባብቻለሁ።

ልጅቱ ከቦርሳዋ አዲስ ስልክ አወጣች። ልጄ የላከችልኝ ነው አለች። ሲም ካርዴን ከአሮጌው አውጥታ ከተተችበት፤ ጎኑን ስትጫነው በራ። የልጄ ፊት መስታወቱን ሞልቶ አየኝ።

በእኛ አገር ሬሳው ከባሕር ማዶ ያልመጣለት በፎቶው ነው የሚለቀስለት። ፎቶውን አሳጥበው፣ ደረታቸው ላይ ይዘው ለቅሶው መሃል ይዞሩበታል። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። ደረቴን መታሁ።

ልጅቱ ደንግጣ እጄን ያዘች። «ኧረ ደህና ናት እትዬ። ስልኩ ሲከፈት እሷን እንዲያሳይዎት ብላ ያስቀመጠችው ነው።»

«ቆማ የምትሄደውን ልጅ አልቅሰሽ ልትቀብሪያት ነው እንዴ?» አለች እናትየው።

አላመንኳቸውም። እንግዲያው ታናግረኝ አልኩ። ዛሬውኑ ትደውላለች፣ እስከዚያው አያያዙን ልመጂ አሉኝ። የዚህኛው ሲስተሙ ሌላ ነው ትለኛለች ልጅቱ። የድሮውንማ ጣቴ ያውቀው ነበር፤ ኩራዝ ሳላበራ ቁልፉን ዳብሼ እደውል ነበር። ይሄ የሚዳበስ የለውም፤ ውሃ እንደላሰው ድንጋይ ልሙጥ ነው። ሳልነካው ይጠፋል፣ ስነካው ልጄ ወደ ጎን ትሸሽና ትንንሽ ሥዕሎች ይመጣሉ። አንዱን ስነካ ሌላ ይከፈታል፤ ወደ እሷ የምመለስበትን አላውቅም። አጨዳ የሰነጣጠቀውን ጣቴንማ ጭራሽ አይሰማውም። ልጅቱ ጣቴን እንዳርስበት እርጥብ ጨርቅ ሰጠችኝ፤ ሲጠራ ደግሞ አረንጓዴውን ወደ ላይ መሳብ ነው ብላ አሳየችኝ። ገበያ ረፈደብን ብለው ወጡ።

ብቻዬን እንደቀረሁ ጠራ። አረንጓዴው መጣ። እንደ ድሮዬ ተጫንኩት። ይጠራል። አጥብቄ ተጫንኩት። ይጠራል። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። እንደገና ሲጠራ ነው መሳቡ ትዝ ያለኝ። ጣቴን በምላሴ አርሼ ወደ ላይ ሳብኩት።

ልጄ መጣች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሙት በሕልም ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ያይሻል እንጂ አያናግርሽም።

«ልጄ፣ በሕይወት አለሽ?» አልኳት።

ድምፁ ዘግይቶ ደረሰ። «ደህና ነኝ፣ እማ።»

ድምፁ የራሷ ነው። በድሮው ስልክ ይህችን ቃል ከሰማሁ ሳምንት ትበቃኝ ነበር። አሁን ግን ቃሉ ከፊቷ ጋር መጣ። ጉንጯ ገብቷል፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ፀጉሯን ልታስተካክል እጇን ስታነሳ በጨርቅ የተጠቀለለ ነው።

«እጅሽ ምን ሆኖ ነው?»

መስታወቱ ዞረ። ነጭ ጣሪያ ሆነ፤ እሷ የለችም። ከጣሪያው ሥር ድምፅዋ ብቻ ይመጣል። ዘይት ነው አለች፣ ትንሽ ነው፣ እየዳነ ነው።

«ፊትሽን መልሺልኝ» አልኳት።

ጣሪያው አልተነቃነቀም። ስታለቅስ ትንፋሽዋን አውቀዋለሁ፤ እያፈነችው ነበር። ልጮህ አፌን ስከፍት እሷም የእኔን ፊት እንደምታይ ገባኝ። ስልኩን ጉልበቴ ላይ ደፋሁት።

ከቀሚሴ ላይ ድምፅዋ፣ ገብሱ ገባ ወይ አለኝ። ገብቷል አልኳት። ላሚቱስ ወለደች? ወለደች፣ ወንድ ጥጃ ነው። ደህና ነሽ ወይ፣ እማ?

«ደህና ነኝ» አልኳት።