ከጎተራው ግድግዳ የፋቅኩት ገብስ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ድፎ ዳቦ ዛሬ ጥጉ ሻግቶ አገኘሁት። እንደ ልማዴ ቢላዋ አንስቼ አረንጓዴውን ልፍቅ ስል ልጄ ቤቲ፣ "ማሚ ፕሊስ፣ ሙሉውን ጣዪው" አለችኝ። ሽታው ግን ቀድሞ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያ ሽታ እኔን የት እንደሚወስደኝ እሷ በምን ታውቃለች!

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ በገባሁ በዓመቱ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለ የአሳማ እርባታ ተቀጠርኩ። አዎ፣ አሳማ። ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ቤዝመንታቸውን፣ ምድር ቤታቸውን፣ ያከራዩኝ እትዬ ዘነበች፣ የአሳማ ስም ሲነሳ እንኳ የሚያማትቡ ሰው ስለነበሩ፣ "ዶሮ እርባታ ነው" አልኳቸው። እንቁላል ሲጠይቁኝ ከሱቅ ገዝቼ፣ ካርቶኑን ጥዬ እሰጣቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ለተዋወቅኩት ሰው ሁሉ ዶሮ ሆኖ ቀረ።

መንገዱ ግን እንዴት ደስ ይል ነበር! ጎህ ሲቀድ አሮጌዋን መኪናዬን ይዤ በሜዳው መሀል ስነዳ፣ በመስታወቴ ውስጥ የምዕራቡ ተራሮች ሮዝ ሆነው ይከተሉኛል። ሬዲዮም አልከፍትም። እዚያ ስደርስ ታጥቤ ልብስ እቀይራለሁ፣ ስወጣም እንደዚያው። በረት ውስጥ ደግሞ የምትጠብቀኝ አለች፤ እርጉዟ አሳማ። እሙዬ ነበር የምላት። ድምፄን ስትሰማ ትነሳና እርጥብ አፍንጫዋን መዳፌ ላይ ታሳርፋለች። ወድጃት ነበር፣ ምን ልበል።

ሁዳዴ ሲገባ ሺኑክ ነፈሰ። ይህ ሞቃት ነፋስ ሲመጣ የክረምቱ በረዶ ባንድ ቀን ውሃ ይሆናል። ውሃው በብረቱ ጎተራ ስንጥቅ ሰርጎ ገብቶ ኖሮ፣ የአሳማዎቹ ገብስ ግድግዳው ላይ ተጋግሮ ሻገተ። ባለቤቱ ዋልተር፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው፣ የተጣበቀውን ፍቄ እንድጥል ነግሮኝ ሄደ። እህል ይጣላል እንዴ? እኔ ያደግኩበት ቤት መሬት የወደቀች ፍሬ ጎንበስ ተብሎ ትለቀማለች። ፋቅኩት፣ ሸራ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት፣ አሸሁት፣ ነፋሁት። ጥርት ሲልልኝ መልሼ ከደህናው ቀላቀልኩት። ማንም ሳያዘኝ በመሥራቴ ኮራሁ እንጂ ክፉ ነገር በልቤ አልነበረም።

ብዙም አልቆየ፣ አሳማዎቹ ገንዳውን እያሸተቱ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። ዋልተር መጀመሪያ ጾሜ እንደተጋባባቸው አድርጎ ቀለደብኝ። ማስመለስ ሲጀምሩ ቀልዱ ቀረ። ትንንሾቹ ከሱ። እሙዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ ምግባቸው ተቀይሮ እንደሆነ ስትጠይቅ ዋልተር አልተቀየረም አለ። እኔ አካፋዬን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ብናገር ሥራዬ መሄዱ ነው፤ በዚያ እንግሊዝኛዬ ደግሞ ማን ይቀጥረኛል? ዝም አልኩ። በማግስቱም ዝም አልኩ፤ ከዚያው ጎተራ እየዘገንኩ አቀረብኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን እሙዬ እጄን በአፍንጫዋ ገፋችው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ዋልተርና ሐኪሟ ፊት ቆሜ፣ እየተንተባተብኩ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሐኪሟ ከገብሱ ቆንጥራ መዳፏ ላይ ዘረጋችው። አልተቆጣችም።

"ሻጋታውን ጠርገሽዋል" አለችኝ። "መርዙ ግን አይጠረግም። እህሉ ውስጥ ገብቷል፤ ብታደርቂውም አይለቅም።"

ዋልተር ጎንበስ ብሎ መዳፏ ላይ ያለውን ገብስ አየው። "ለምንድነው ያልጣልሽው?" አለኝ።

"እህል ነዋ" አልኩት።

ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ አካፋ አመጣና ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ሆነን ጎተራውን ባዶ አደረግነው። እኔ እያለቀስኩ ነበር የምዝቀው። አላባረረኝም፤ ዳግመኛም አላነሳብኝም።

አሳማዎቹ ቀስ በቀስ መብላት ጀመሩ። እሙዬ ከሳምንታት በኋላ አሥራ አንድ ወለደች፤ ሰባቱ ሞተው ነበር የወጡት። ሐኪሟን፣ ያኔውኑ ብናገር ኖሮ ይተርፉ እንደነበር ጠየቅኳት። አላውቅም አለችኝ። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም። እነዚያ ሁለት ቀናት ግን ውስጤ አሉ። በገብሱስ አላዋቂነቴ ነው፤ በዝምታዬ ምን እላለሁ?

ዳቦውን ሙሉውን አንስቼ አረንጓዴው የምግብ ትራፊ መጣያ ቢን ውስጥ ጣልኩት። እጄ ትንሽ እንቢ ብሎኝ ነበር። ቤቲ እየሳቀች፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ምክሬን የምትሰሚው አለችኝ። ቢላዋውን አጥቤ አስቀመጥኩና ወንበር ሳብኩላት።

"ቁጭ በይ እስቲ" አልኳት። "ያ ዶሮ እርባታ የምልሽ… ዶሮ አልነበረም።"