የሙሴ አርማን ወረቀቶች በሐደሮ ሱቅ

አዲስ አበባ፣ ማክሰኞ ማለዳ

ከአውቶቡስ ተራ የተነሣነው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የምሄደው ባለፈው ክረምት ከምባታ ውስጥ ሐደሮ ላይ በሞት የተለዩትን የፈረንሳዊውን የሒሳብ ሊቅ የሙሴ አርማንን ወረቀቶች ለማምጣት ነበር። እኅታቸው ከአገራቸው ጽፈው ጠይቀዋል። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ እኔን የላኩኝ የሙሴን የእጅ ጽሕፈት አጥርቼ ስለማነብ ነው። ለእኔ ግን ሌላም ጉዳይ ነበረው። የመመረቂያ ጽሑፌ የቆመው ከእሳቸው ሥራ በወሰድኩት አንድ የማረጋገጫ እርምጃ ላይ ነው፤ በዚያ ጽሑፍም ለመስከረም ፓሪስ የምማርበት ዕድል ተሰጥቶኛል። ሙሉውን ሥራ ካገኘሁ እሳቸው ካቆሙበት እቀጥላለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ሙሴ አርማን የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበሩ። እኛ ዘንድ ለሁለት ዓመት ሊያስተምሩ መጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ስለማይካፈሉ ቁጥሮች አንዲት ጥያቄ ይዘው ሃያ ዓመት ታገሉ። ጡረታ ሲወጡ ሐደሮ ቤት ተከራይተው የከተማውን ልጆች ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ። ለምን ሐደሮን እንደመረጡ ሲጠየቁ "ለዝንጅብሉ" ይሉ ነበር፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አላወቅንም።

ሆሳዕና

ከቡታጅራ ወዲህ አቧራው ከፊት ያለውን መኪና ይሰውራል። ሽማግሌዎች ዛሬም ዋቻሞ የሚሏት ሆሳዕና የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። አልጋ በአንድ ብር ከሃምሳ ያዝኩ። ቆጮና ጎመን በአይብ አዘዝኩና በቤቱ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በላሁ።

በማግስቱ መናኸሪያ ስገባ አንድ ትኬት ቆራጭ መንገዴን ዘጋ።

"ሐደሮ ነሽ? አስተማሪ ነሽ ወይስ ግብር ሰብሳቢ?"

"አስተማሪ።"

"እንግዲያው ቦታ አለ" አለና ሦስት ብር ተቀብሎ ላንድሮቨር ውስጥ ከአንዲት የዝንጅብል ነጋዴ አጠገብ አስቀመጠኝ። ዘይነባ ይባላሉ። ከሾፌሩ ጋር በከምባትኛ፣ ከእኔ ጋር ባማርኛ ያወራሉ። ምን ላደርግ እንደምሄድ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

"የትኛውን ወረቀት? ለሸምሱ የተሸጠውን?"

"ማነው የሸጠው? ለምን?"

"ለጨው መጠቅለያ ነዋ፣ ለበርበሬ። ወረቀት ሌላ ለምን ይሸጣል?" ብለው ሳቁ። "ሸምሱ ግን ጉደኛ ነው። ወረቀት ገዝቶ በእንሰት ቅጠል የሚጠቀልል ነጋዴ የትም አላየሁ። ገበያው ሁሉ ይስቅበታል።"

ከዚያ ወዲያ ስላለው መንገድ የምጽፈው የለኝም። ዱራሜን ማለፋችንን እንኳ ያወቅሁት ሐደሮ ከደረስን በኋላ ነው።

ሐደሮ፣ ረቡዕ

የአቶ ሸምሱ ሱቅ ገበያው ጥግ ላይ ነው። ሸበቶ፣ ዝግተኛ ሰው ናቸው። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጆንያ አውርደው በጥንቃቄ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። የሙሴ ጽሕፈት ነበር። አንድ ወረቀት አልጎደለም።

"ማን ሸጠልዎ?" አልኳቸው።

"ራሳቸው ሙሴ ናቸው፣ ልጄ። ተሸክመው አመጡ። ጠቅልልበት አሉኝ።"

ራሳቸው የሚለውን ቃል ስሰማ የጨው ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።

"ታዲያ ለምን አልጠቀለሉበትም?"

"ፊደሉን አላውቀውም። የአላህ ስም ቢኖርበትስ? በርበሬ ይጠቀለልበታል? ሙሴን ጠየቅኩ፤ 'ስሙን እኔ አልጻፍኩም፤ አለመኖሩን ግን አልምልልህም' አሉ። የሚያነብ ሰው እስኪመጣ አስቀመጥኩት።"

ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። አንድ መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ የቀይ እርሳስ መስመር አየሁ። ከእሳቸው የወሰድኩት እርምጃ በሙሉ ተሰርዟል። ከጎኑ በፈረንሳይኛ "ሁልጊዜ እውነት አይደለም" ተብሎ ተጽፎ፣ ሥሩ አንድ ቁጥር ብቻ አለ፦ ስድስት መቶ ሰማንያ ሦስት።

ሰዎች ጥንቁቅ ነሽ ይሉኛል። ያን እርምጃ ከመጻፌ በፊት እስከ አምስት መቶ ያሉትን ቁጥሮች በእጄ ፈትሼ ነበር፤ ሙሴም "ይበቃል" ብለውኝ ነበር። አሁን ከአቶ ሸምሱ እርሳስ ተቀብዬ ባንኮኒው ላይ አሰላሁ። እርምጃው ፈረሰ። እንደገና አሰላሁ። አቶ ሸምሱ ሰግደው ሲመለሱ ሦስተኛ ጊዜ እያሰላሁ አገኙኝ።

"ሙሴ ሲያመጡት ምን አሉ?" አልኳቸው።

"'ሃያ ዓመት ተጉዤ ወንዙ ላይ ድልድይ የለም' አሉ። 'ለማን ነግረዋል?' አልኳቸው። ጆንያውን ትተውልኝ ሄዱ። አፍረው ነው፣ ልጄ። የሽማግሌ ኀፍረት ከባድ ነው።" ከዚያ ወደ ወረቀቱ አመለከቱ። "አንቺ ታነቢዋለሽ። የአላህ ስም አለበት?"

የለበትም ካልኩ ወረቀቱ በሁለት የገበያ ቀን መጠቅለያ ሆኖ ያልቃል። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ እኔም በመስከረም ፓሪስ እገባለሁ። ሙሴም የፈለጉት ይህንኑ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ባንድ አሰብኩት፤ በማሰቤም ቀዩን እርሳስ ካየሁበት ጊዜ ይበልጥ ደነገጥኩ።

"የለበትም" አልኩ። "ግን ይስጡኝ።"

የከፈሉትን ልመልስላቸው ብል እንቢ አሉ። "በቅጠል መጠቅለል ለምጃለሁ" አሉኝ።

አዲስ አበባ፣ ዓርብ

ከነአቧራዬ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩና ገጹን ፊታቸው ዘረጋሁት። አነበቡት።

"ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ጽሑፍሽ ከዚህ እንደተነሣ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ አመጣሽው?"

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብጠየቅ ዛሬም ያኔ ከመለስኩት የተሻለ የለኝም። "ለስድስት መቶ ሰማንያ ሦስት አይሠራም" አልኩ። እንደ ልማዴ ድምፄ አልተሰማም፤ "ምን አልሽ?" አሉኝ። ደግሜ፣ ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ኃላፊው ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ፤ እኔም ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሥራውን ከመጀመሪያው መስመር መፈተሽ ጀመርን።