የአባዬ ቲማቲምና የእማዬ ቃል

የቲማቲም ቅጠል በጣት ሲታሽ የሚተወው ያ መራራ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሲመታው፣ አዳማ ውስጥ ተከራይተናት የነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤትና ከጀርባዋ ያለችው ጠባብ ጓሮ ይመጡብኛል። አባዬ የአንድ ልብስ ፋብሪካ ጥበቃ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ወደ ጓሮ ይገባና፣ ችግኞቹን አንድ በአንድ እየዳበሰ ብቻውን ያወራ ነበር። ልቡ አዳማ አልነበረም። ዓለም ጤና፣ ወንድሙ ዘንድ፣ ከአባታቸው የወረሱት የመስኖ መሬት ነበረው፤ ሽንኩርት ሲያጠጣ ያደገ ሰው ነውና፣ ተመልሶ ያንን መሬት ከማረስ ሌላ ሕልም አልነበረውም።

እማዬ ደግሞ የአዳማ ልጅ ነበረች፤ ከከተማዋ ወይ ፍንክች! አንድ የክረምት እሑድ አባዬ ያንኑ የመመለስ ነገር ሲያነሳባት፣ ምስር እየለቀመች ቀና እንኳ ሳትል፣ «እስቲ መጀመሪያ ከዚህች ጓሮ ጤነኛ ቲማቲም አብላን፤ ያኔ ዓለም ጤና አይደለም፣ ያልከኝ ቦታ እከተልሃለሁ» አለችው። በቀልድና በንዴት መካከል የተባለ ነገር ነበር። አባዬ ግን እንደ ውል ያዘው።

ዝናቡ ሲያባራ መስከረም ላይ ተከለ፣ አበባው ያማረ ነበር፣ ፍሬም ያዘ። በበጋው ግን ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው። ቧንቧው ለቀናት ደርቆ ይከርምና አንድ ቀን እያንኮራፋ ሲመጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን ሳይቀር ይሞላል። አባዬም ቲማቲሞቹን እንደ በርሜል ነበር የሚሞላቸው። «ይጠጡ፣ ይጥገቡ፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም» እያለ፣ ጎማውን ለቆባቸው ሥራቸው ኩሬ እስኪሆን ያጠጣቸው ነበር፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ፈረቃ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ይቆያል። ፍሬዎቹ እንቁላል ሲያክሉ ከታች በኩል ጠቆር ያለ ነጥብ አወጡ፣ ነጥቡም እየሰፋ ሄዶ እንደ ቆዳ ደረቀ። ከዚያ የተረፉት ደግሞ ውሃ በመጣ ማግስት ተተርትረው ይገኙ ነበር። እማዬ ጥቁር ጥቁሩን ቆርጣ ጣለችና ከቀረው ስልስ ሠራች። አባዬ ያን ቀን አልራበኝም ብሎ ሳይበላ ወጣ።

በልግ ላይ እንደገና ተከለ፤ አሁን ጥፋተኛው ቅጠሉ ነበር። «ምግቡን የሚጨርስብኝ ይሄ ነው» ብሎ መለመለው፣ የግንቦት ፀሐይም ዕርቃኑን ያገኘውን ፍሬ ጎኑን አንጥቶ ጠበሰው። ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ «ማሎ ልጄ፣ ይሄማ ዓይን ነው! የሰው ዓይን ነው የበላብህ» አሉት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አባዬ ከሉካንዳ ቤት የበሬ ቀንድ ለምኖ አምጥቶ መደገፊያው እንጨት ላይ ሰቀለ። ከጓሯችን ጤነኛ ሆኖ የከረመው ቀንዱ ብቻ ነበር።

በቀጣዩ መስከረም አጎቴ ከዓለም ጤና መጣ። መሬቱን ብቻውን ማረስ እንዳቃተው፣ ለአንድ ነጋዴ ለብዙ ዓመት እንዳከራየው፣ ጎንበስ ብሎ ተናገረ። «ጠበቅኩህ እኮ ወንድሜ» አለው። አባዬ «አውቃለሁ» ብቻ አለ። እስከ መናኸሪያ ሸኝቶት ተመለሰና፣ እንጨቶቹን ነቅሎ ለማገዶ ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ጓሯችን ውስጥ ጎመን እንኳ አልተተከለም። እማዬ ያን ሰሞን በሰበብ አስባቡ ታለቅስ ነበር፤ አሸነፈች ብዬ አስብ ስለነበር እንባዋ ግራ ያጋባኝ ነበር።

የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ ሕመሟ የጠናባት ጊዜ ነው። «እኔኮ አንዴ ደግሞ ቢለምነኝ እሄድለት ነበር» አለችኝ። «እሱ ግን ቲማቲሙን ይዞ ቀረ።» ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

አሁን አባዬ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። በኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ፣ በቀለም ባልዲ፣ ቲማቲም ተክያለሁ። ያኔ ፍሬውን ያበላሸው አንድ ቀን ማጥለቅለቁ፣ ሳምንት ማድረቁ እንደነበረ ዘግይቼ ተማርኩ፤ ስለዚህ ውሃ ሲጠፋም ከጀሪካን እየቆጠብኩ ጠዋት ጠዋት ጥቂት አጠጣዋለሁ፣ ሥሩን በደረቅ ሣር እሸፍናለሁ፣ ቅጠሉን አልነካም። ምንም እንከን የሌለበት ቀይ ፍሬ ይሰጠኛል። ምን ዋጋ አለው፣ መሬቱም የለም፣ እማዬም የለችም።

በቀደም አንዱን ቀጥፌ ሰጠሁት። ሳይበላው እጁ ላይ ይዞት ቆየ።

«ያኔ እንዲህ ቢያፈራልኝ ኖሮ፣ እናትሽ እሺ ትለኝ ነበር» አለኝ።

«አዎ አባዬ፣ ትልህ ነበር» አልኩት። ራሱን ከሚወቅስ ቲማቲሙን ይውቀስ፤ እሱ ይሻለዋል።