ከአንበሳው ራስ ላይ የፋቅሁት ዘውድ

ዘውዱን በምላጭ ከፋቅሁ በኋላ ቦታውን በጥፍሬ አለስልሼው ነበር? ይህን ራሴን ስጠይቅ ስንት ዓመት እንደሆነኝ መቁጠር ትቻለሁ። አንዳንድ ቀን አለስልሼዋለሁ እላለሁ፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት ይታወቀኛል። ግን የሚታወቀኝ የዚያ ቀን ይሁን የሌላ ቀን መለየት አልችልም። ብዙ ፍቄያለሁ፤ ብዙ አለስልሻለሁ።

የሥራው ጠባይ እንዲህ ነው። ንድፍ የምንሠራው ትሬሲንግ በምንለው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ነበር። ቀለም ከተሳሳተ በላጲስ አይለቅም፤ በምላጭ ጫፍ ተፍቆ ነው የሚነሣው። ምላጩ ደግሞ ቀለሙን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ የወረቀቱንም ቆዳ ይገፍፋል። ዓይን አያየውም። የተገፈፈው ቦታ እንዲያው ከተተወ ግን የእርሳስ ብናኝና የእጅ ወዝ ሲጠጣ ይከርምና ከወራት በኋላ የተፋቀው ነገር ቅርጹ ሳይጎድል ጥላ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ የፋቀ ሰው ቦታው እስኪያብረቀርቅ በጥፍሩ ማለስለስ አለበት። ይህን የተማርኩት ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ያስተማሩኝ የንድፍ ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። መስመር ሲያሰምሩ አይተነፍሱም፤ ከጫፍ ጫፍ ከደረሱ በኋላ ነው አየር የሚስቡት። ቢሯችን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው የቦሌ መንገድ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። አውሮፕላን ሲያርፍ መስኮቱ ስለሚንቀጠቀጥ ሁላችንም ብዕራችንን አንሥተን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ሲያልፍ ጋሼ «ቀጥሉ» ይላሉ፤ ቀጥሉ ሳይሉ የሚቀጥል አልነበረም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ስህተት ይፈራል። ሌላው አንድ ጊዜ የሚለካውን እኔ ሁለት ጊዜ እለካለሁ። በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ይዤ ጥግ ስለምቀመጥ «ተማሪዋ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። አልጠላሁትም።

የምንሠራው ንድፍ ሁሉ ከአንዲት ወረቀት ይወለድ ነበር። እናቲቱ እንላታለን። ዙሪያዋን የክፈፍ መስመር አለ፤ በስተቀኝ ታች ደግሞ የሥራው ስም፣ ልኬቱ፣ የወረቀቱ ቁጥርና የፊርማ ቦታ የሚጻፍበት ሳጥን። ከሳጥኑ አናት ላይ የመሥሪያ ቤቱ አርማ፦ ዘውድ የጫነ አንበሳ። ባዶ ወረቀት ባለቀብን ቁጥር እናቲቱ ምድር ቤት ወዳለው የማባዣ ማሽን ትወርድና የሚመስሏትን ወረቀቶች ታወጣለች። አንድ ነገር እናቲቱ ላይ ከተሣለ ሁሉም ላይ ይሣላል። ከእሷ ከተነሣም ከሁሉም ይነሣል።

መንግሥት በተለወጠ በመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤ መጣ። አዲስ አርማ እስኪወሰን ድረስ አንበሳው ይቆይ፣ ዘውዱ ግን ከራሱ ላይ ይውረድ ይላል። አንዱ ባልደረባችን ያለ ዘውድ ውሻ ይመስላል ብሎ ሳቀ። ጋሼ «ውሻም ቢሆን በልኩ ይሠራ» አሉና እናቲቱን አምጥተው እኔ ጠረጴዛ ላይ ዘረጓት። እጅሽ አይቸኩልም አሉኝ። ዘውዱን ፋቅሁ፤ ራሰ በራ ሆኖ እንዳይቀር ጋማውን በቀጭን ብዕር ወደ ላይ ሞላሁለት። ከምሳ በፊት ጨረስኩ። ጋሼ በማጉያ መነጽር አዩትና «አረጋገጠ» ከሚለው ፊት ለፊት ፈረሙ። የእኔ ስም የትም አልተጻፈም። እንደኔ ያለ የንድፍ ገልባጭ ስሙ አይጻፍም ነበር።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው እድሜው ከኔ ብዙም አይበልጥም። ማሽኑ በአሞንያ ስለሚሠራ ክፍሉ ዓይን ያቃጥላል፤ እሱም ዓይኑ ዘወትር ቀይ ነው። አሞንያው እንለው ነበር። ጠርቶት የማይስቅ የለም፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ዘውዱን ከፋቅሁ አምስት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከደረጃው ሥር ሆኖ ጠራኝና ወረድኩ። በሩን ገርበብ አደረገው።

«ተማሪዋ፣ አንበሳሽ ዘውድ አብቅሏል።»

ገና ያወጣውን ወረቀት አሳየኝ። ከአንበሳው ራስ በላይ፣ የላብ ምልክት የመሰለ ሦስት ጫፍ ያለው ጥላ አለ። ላየው ብሎ ላየው ሰው ዘውድ ነው። አላየውም ብሎ ላለፈው ምንም አይደለም።

«ወዲያው አስተካክያት» አለኝ። «እኔና አንቺ ብቻ ነን ያየነው።»

እናቲቱን ይዤ ወጣሁ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁ፤ መስኮት ላይ ለጥፌ አየሁ። ምንም አልነበረባትም፤ ወይም እኔ አላየሁም። ሥራዬን ሁለት ጊዜ የምለካ ሰው ነኝ፤ አሞንያው ደግሞ በቀይ ዓይኑ ነው የሚያየው። ተመልሼ ወርጄ የማሽንህ መስታወት ቆሽሿል አልኩት። ሳቀና መስታወቴን አጥባለሁ አለ። እንዳጠበውም አውቃለሁ፤ በማግስቱ ጨርቁ ደረጃው ላይ ሊደርቅ ተሰጥቶ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ የአንድ የእህል መጋዘን ንድፍ መሰብሰቢያ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። ከጎብኚዎቹ አንዱ፣ ካኪ የለበሰ፣ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ከሳጥኑ አናት ያለውን አንበሳ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። መጀመሪያ አሞንያው ብቻውን ተጠራ፤ ስለ ማሽኑ ሊጠይቁት ነው። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ማንንም ሳያይ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ቀጥሎ የንድፍ ክፍሉ በሙሉ ተጠራን።

ሊቀ መንበሩ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይህን ማን ሠራው ሲል ጠየቀ።

ጋሼ «ፊርማው የኔ ነው» አሉ።

«ፊርማ አልጠየቅኩም፣ ጓድ። የጠየቅኩት እጅ ነው።»

«በዚያ ክፍል ፊርማዬ ያለበት ሁሉ እጄ ነው።»

እኔ ከእሳቸው ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ፈርቼ እንደሆነ ሰዎች ቢጠይቁኝ አዎ እል ነበር፤ ግን አላስታውስም። የማስታውሰው ከሊቀ መንበሩ ጀርባ የተለጠፈውን መፈክር ነው። «ሠፊው ሕዝብ» ይላል፤ ሰፊው በእሳቱ ሰ መጻፍ ሲገባው በንጉሡ ሠ ጽፈውታል። ጋሼን አድኃሪ ሲሏቸው፣ ዘውድ ናፋቂ ሲሏቸው፣ እኔ ያችን ሠ ነበር የማየው። አንድ ሰው ሊያርማት ይገባ ነበር እያልኩ ነበር። ጋሼ ወደኔ አልዞሩም። ዞረው ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር እል ነበር ድሮ። አሁን እንደዚያ አልልም።

ሁለት ሰዎች ይዘዋቸው ወጡ። ኮታቸው ወንበሩ ላይ ቀረ። ለባለቤታቸው ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቢሮው ውስጥ አንድ ወሬ ብቻ ነበር፦ አሞንያው ነው የጠቆመው፤ ለዚህ ነው ብቻውን ያን ያህል የቆየው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ አልጀመርኩትም። አላቆምኩትምም። ከዚያ ወዲያ በቅጽል ስሙ የሚጠራው ጠፋ፤ ወረቀት የሚወስድለት ሰው በሩ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ብቻችንን ተገናኘንና የሆነ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ። «ሥራሽን ሥሪ፣ ተማሪዋ» ብሎኝ አለፈ። በኮሚቴው ፊት የኔን ስም ለምን እንዳልጠራ ያን ጊዜም አልጠየቅኩት።

አዲሱ አርማ ሲመጣ በአዲስ እናት ወረቀት ላይ የሣልኩት እኔ ነኝ። አንድም ሰው ስህተት አላገኘበትም።

ጋሼ አሥር ወር ታስረው ወጡ። ወደ ሥራ አልመለሷቸውም። ቤታቸው ሃያ ሁለት አካባቢ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። ዓይናቸው ስለደከመ አነብላቸው ነበር። ጥሩ አድማጭ ነበሩ፤ ስሳሳት ያርሙኛል። ስለዚያ ቀን አንሥተው አያውቁም። እኔ ሁለት ጊዜ ልጀምር ብዬ አንድ ጊዜ ባለቤታቸው ገቡ፤ ሁለተኛው ጊዜ ማንም አልገባም፤ ገጹን ገለጥኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞቱ። አሞንያው ከእነሱ ሁለት ቅያስ ወዲያ ነበር የሚኖረው። ለቅሶ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ድንኳኑ ውስጥ ገና ሳይቀመጥ የጋሼ ባለቤት ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው።

«ባሌን አስበልተህ ልታለቅስልኝ መጣህ?» አሉት።

ሰው ሁሉ ዞረ። እሱ ባርኔጣውን መልሶ አደረገና ወጣ። እኔ ከእትዬ አጠገብ ነበርኩ፤ ሲቀመጡ ክንዳቸውን ደግፌያለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ከእሱ ቤት እግሩን አነሣ። ሠርግ አይጠሩትም፤ ሰላም ቢላቸው ሌላ ቦታ ያያሉ። ይህን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእትዬ እሰማለሁ። እሰማና እመለሳለሁ።

እውነቱን የነገርኳቸው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስደርስ የእድሩ ጥሩምባ ገና መነፋቱ ነበር። የአሞንያው እናት ሞታለች። እትዬ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው፤ ነጠላቸውን አልለበሱም። እድሩ ቢቀጣኝ ይቅጣኝ፣ እዚያ ቤት አልረግጥም አሉ። ጎረቤቶቹም እሳቸውን አይተው እንደማይሄዱ ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ አልተደሰቱም፣ አላዘኑም። አሮጊቷን ማን እንደሚሸከማት አሰብኩ። እንግዲህ ያን ያህል ነው ያሰብኩት፤ ሌላ ትልቅ ነገር ልቤ ውስጥ አልነበረም።

«እትዬ፣ እሱ አይደለም» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ዘውዱን የፋቅሁት እኔ ነኝ። ሲመለስ መጀመሪያ ያየው እሱ ነው፤ ያየውንም ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ፣ ማንም ሳያይ አስተካክይ ብሎ። መስታወትህ ቆሽሿል አልኩት።»

እትዬ ምስሩን መልቀም አላቆሙም። አንድ ጠጠር አውጥተው ጣሉ። ሌላ አወጡ።

«ጋሼሽ ያውቅ ነበር?»

«ሥራውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ሰውየው አስቀድሞ እንደነገረሽ ያውቅ ነበር?»

«አያውቁም ነበር።»

«እንግዲያው ጋሼሽም እንደኔ ሰውየው ጠቆመ ብሎ አምኖ ነው የሞተው።»

«አላውቅም፣ እትዬ። ጠይቄያቸው አላውቅም።»

«ይሄን ሁሉ ቅዳሜ» አሉ። የጀመሩትን አልጨረሱትም። ሰፌዱን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡ። እኔ እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቅሁ፤ አልመጣም፤ ለእሳቸውም አልመጣም። ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። ሲወጡ ጥቁሩን ነጠላ አዘቅዝቀው ለብሰው ነበር፤ የቅርብ ዘመድ የሞተበት እንደሚለብሰው።

«ተነሺ» አሉኝ። «ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። ድንኳን ውስጥ ነው ያስወጣሁት፣ ድንኳን ውስጥ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ አንቺ ትናገሪያለሽ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ለኔ እንደነገርሽኝ፣ መስታወቱንም ሳታስቀሪ።»

«እሺ» አልኳቸው።

«ቢያስወጣንስ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።»

አልጠየቅኳቸውም። በሩን ቆለፉ፤ ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ወደ ድንኳኑ መንገድ ጀመርን። የሚያልፈው ሰው እትዬን በጥቁር አይቶ ማን ሞቶባቸው ነው እያለ ይቆም ነበር፤ አንዳንዱም ዞሮ ይከተለን ጀመር።