ጋሽ ከድር እና የማራገፊያዬ ላባ

ጋሽ ከድር አረፉ? የትኛው ከድር? ልጃቸው ከዲንሾ ደውላ ስትነግረኝ ሁለቴ መልሼ ጠየቅኳት። ባለፈው ሳምንት እኮ ድምፅ ልከውልኝ ነበር!

ለማታውቋቸው፣ ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት በምሠራበት ቤት ሹፌር ነበሩ። የባሌ ሰው። በወጣትነታቸው ዌብ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን የደጋ ዓሳ ለሚያጠምዱ እንግዶች መንገድ ይመሩ ነበር። መንጠቆ ላይ ላባ አስረው ትንሽ ዓሳ የሚመስል ማጥመጃ መሥራት የለመዱትም እዚያ ነው። ሪያድ ትራውት የለም። እሳቸው ግን ምን ቸገራቸው፣ ይሠራሉ።

አንድ ሰሞን የአቧራ ማራገፊያዬ ላባ ሳሳብኝ። ማዳም ስትጠይቀኝ «ሙቀቱ ነው» አልኳት። ወላሂ ሙቀቱ ነበር የመሰለኝ! ለካ ጋሽ ከድር እየነጩ ይወስዱታል።

እጅ ከፍንጅ ስይዛቸው ምንም አላፈሩም። መንጠቆውን ፒንሳ አስነክሰው፣ ከአሮጌ ዓባያዬ በተመዘዘ ክር ላባውን ወደ ኋላ አስተኝተው ያስራሉ። ቋጠሮው ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ። «ጭራው አይርዘም ልጄ፣ ጭራውን ብቻ ነክሶ ያመልጥሻል» አሉኝ።

ከዚያ በመወልወያው ባልዲ ሙከራ። «ሳብ፣ ሳብ... ቆም! ዓሳ የሚነክሰው ስትቆሚ ነው።» ሥራ በዝቶብኝ ስሮጥም «ቆም በይ እስቲ» ይሉኝ ነበር። እኔ ስቆም የማዳም ድመት ዘላ ባልዲው ውስጥ ገባች! ደግነቱ የመንጠቆውን ጫፍ ላጲስ ላይ ሰክተውት ነበር።

ማዳም ወጣች። የራሰችውን ድመት አየች፣ ላባውን አየች። «ያ ከድር!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔማ ሆዴን ይዤ መሬት ቁጭ አልኩ። በማግስቱ ለእኔ አዲስ ማራገፊያ ገዛች፣ አሮጌውን ለእሳቸው ሸለመቻቸው።

በቅርቡ ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ሊያልቅ ሲል የቤቱ ጌታ «አንድ ዓመት ጨምር» አላቸው። እሳቸውም መጥተው «ምን ትያለሽ?» አሉኝ። እዚህ አገር ያለኝ ዘመድ እሳቸው ነበሩ። «ይቆዩልኝ» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ይሂዱ ጋሼ፣ ወንዝዎ ይናፍቅዎታል» አልኳቸውና ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

አገራቸው ገብተው የላኩልኝ ያ የባለፈው ሳምንት ድምፅ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ! ያዝኩት! በገዛ እጄ ባሰርኩት! ውሃው ጣቴን ሊቆርጠው ነው፣ ወላሂ ይሄ ብርድ እንዴት ናፍቆኝ ነበር!» ከኋላቸው ልጃቸው ስትስቅ ይሰማል። ዛሬ ስንቴ እንደሰማሁት አትጠይቁኝ። እያለቀስኩ እስቃለሁ።

ጋሽ ከድር፣ አላህ ማረፊያዎን ውሃ ዳር ያድርግልዎት። እንኳን «ይቆዩልኝ» አላልኩዎት። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼዬ።